ከሙታን የተነሣውን ጌታ ወዴት እናገኘዋለን?

ልጆች ሆይ! ከመካከላችሁ የፋሲካን በዓል የማያውቅ ማንም የለም። ከበዓሉ አስቀድሞ 55 ቀን ይጾማል። በዋዜማውም ሌሊት ሕዝቡ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ጧፍ ይዞ በቤተ ክርስቲያን ያድራል፤ ኋላም ዶሮ ሲጮኽ ወደ ቤቱ ተመልሶ ጾሙን ይፈታል። በዚያች ሌሊት የሚነገረው የምሥራች አንድ ነው፤ ይኸውም ክርስቶስ ሞትን ድል አድርጎ ከመቃብር መነሣቱ ነው።

ነገር ግን በዓሉ ካለፈ በኋላ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ገበያው፣ ተማሪውም ወደ ትምህርት ቤቱ ይመለሳል። ያን ጊዜ አስተዋይ ልጅ እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ «ጌታ በእውነት ተነሥቶ ሕያው ከሆነ፣ ዛሬ ወዴት ሄጄ አገኘዋለሁ? በዓይኔ አላየውም፤ ድምፁንም በጆሮዬ አልሰማም።» ይህ ጥያቄ መልካም ጥያቄ ነው፤ ልጅ ቢጠይቀው አያሳፍርም። መልሱን ለማግኘት አስቀድመን በወንጌል የተጻፈውን፣ ቀጥሎም በሀገራችን በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለውን ነገር እንመልከት።

1. ወዳጆቹ ስንኳ አላወቁትም

ጌታ ከተነሣ በኋላ ለወዳጆቹ በተገለጠ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ሲያዩት አላወቁትም። ይህ ነገር የሚያስደንቅ ነው፤ ሦስት ዓመት ያህል ከእርሱ ጋር የበሉና የጠጡ ሰዎች ነበሩና።

መግደላዊት ማርያም በመቃብሩ አጠገብ ቆማ ስታለቅስ አየችው፤ ነገር ግን የአትክልቱ ጠባቂ መሰላት። እርሱ መሆኑን ያወቀችው በስሟ በጠራት ጊዜ ነው። ይህ በዮሐንስ ወንጌል በ20ኛው ምዕራፍ ተጽፏል።

በዚያው ቀን ሁለት ደቀ መዛሙርት ከኢየሩሳሌም ወደ ኤማሁስ ይሄዱ ነበር። መንገዱ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ጌታም እንደ ማንኛውም መንገደኛ ተጠግቶ አብሯቸው ሄደ፤ ብዙም ተነጋገሩ፤ እነርሱ ግን አላወቁትም። ወደ መንደሩም በደረሱ ጊዜ አልፎ የሚሄድ መሰለ። ቀኑ መሽቶ ነበርና፣ መንገደኛው በጨለማ እንዳይሄድ አዝነው ከእነርሱ ጋር እንዲያድር ግድ አሉት። በማዕድም ተቀምጠው እንጀራውን ቈርሶ በሰጣቸው ጊዜ ዓይናቸው ተከፈተ። ልብ አድርጉ፤ እነዚያ ሁለቱ ሰዎች እንግዳውን ወደ ቤት ያስገቡት ማን እንደ ሆነ ሳያውቁ ነው። አላወቅነውም ብለው አሳልፈውት ቢሆን ኖሮ፣ ጌታን በዚያች ሌሊት ባላወቁትም ነበር።

ሦስተኛው ነገር በጥብርያዶስ ባሕር ዳር የሆነው ነው። ሐዋርያት ሌሊቱን ሁሉ ዓሣ ሲያጠምዱ አድረው ምንም ሳይዙ ቀሩ። በነጋ ጊዜ አንድ ሰው በባሕሩ ዳር ቆሞ ነበር፤ በመጀመሪያ አላወቁትም። ወደ ምድርም በወጡ ጊዜ የከሰል ፍም፣ በላዩም ዓሣና እንጀራ ተዘጋጅቶ አገኙ። ሞትን ያሸነፈው ጌታ ለደከሙ ሠራተኞች ቁርስ ሠርቶ ጠበቃቸው።

እንግዲህ በእነዚህ ሦስት ታሪኮች ጌታ የተገለጠው ከሥራ ሰዎች እንደ አንዱ ሆኖ ነው፤ እንደ አትክልት ጠባቂ፣ እንደ እግረኛ መንገደኛ፣ እንደ ምግብ አብሳይ። ወደ ጲላጦስ ግቢ ወይም ወደ ሄሮድስ አዳራሽ ሄዶ ክብሩን አላሳየም። ያወቁትም በስም በመጠራት፣ እንግዳ በመቀበልና በእንጀራ ነው። እነዚህም ነገሮች ሦስቱም ዛሬ በእያንዳንዳችን ቤት ይገኛሉ።

2. ሁለቱም ወገኖች አንድ ጥያቄ ጠየቁ

ጌታ ከመሰቀሉ አስቀድሞ ያስተማረው ትምህርት በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ ይገኛል። በመጨረሻው ቀን ንጉሡ በዙፋኑ ተቀምጦ፣ እረኛ በጎችን ከፍየሎች እንደሚለይ፣ ሕዝቡን በቀኝና በግራ ይለያቸዋል። የሚነግራቸውም ስለ ስድስት ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ ራብ፣ ስለ ጥም፣ ስለ እንግድነት፣ ስለ መራቆት፣ ስለ ሕመምና ስለ እስራት። ለተራበው ያበላ እርሱን እንዳበላ፣ የታመመውን የጠየቀም እርሱን እንደ ጠየቀ ይቈጠርለታል።

በዚህ ትምህርት ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። በቀኝ ያሉት «መቼ አየንህ?» ብለው ይጠይቃሉ። በግራ ያሉትም ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ። እንግዲህ በድኻው ውስጥ ጌታን ያየ ከሁለቱም ወገን ማንም አልነበረም። ልዩነታቸው በዓይናቸው አልነበረም፤ በእጃቸው ነበር። በቀኝ ያሉት ሳያውቁ እጃቸውን ዘረጉ፤ በግራ ያሉትም ሳያውቁ እጃቸውን ሰበሰቡ። በግራ ያሉት ሰዎች ገደሉ ወይም ሰረቁ አልተባለም። የተወቀሱት ማድረግ ሲችሉ ባለማድረጋቸው ብቻ ነው።

ስለዚህ «ጌታን ባውቀው ኖሮ በተቀበልሁት ነበር» የሚል ሰው ነገሩን ገልብጦታል። አስቀድሞ መቀበል ነው፤ ማወቅ ከኋላ ይመጣል።

3. አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር

ይህ ትምህርት ለሀገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። መንገደኛ በመሸበት ጊዜ በማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ የመሸበት» ይላል። ባለቤቱም የሀገሩን ስምና የአባቱን ስም ሳይመረምር ያስገባዋል፤ እግሩን ያጥበዋል፤ ካለውም ያካፍለዋል። እንግዳው የእግዚአብሔር ነውና፣ እርሱን መመለስ የላከውን መመለስ ይሆናል። በኦሪት ዘፍጥረት በ18ኛው ምዕራፍ የተጻፈው የአብርሃም ታሪክም እንዲሁ ነው። አብርሃም በቀትር ጊዜ በድንኳኑ ደጅ ተቀምጦ ሳለ ሦስት ሰዎች ቆመው ባየ ጊዜ ሮጦ ተቀበላቸው፤ ማን እንደ ሆኑ የተረዳው ኋላ ነው።

እንዲሁም በበዓል ቀን ዝክር የሚያደርግ ሰው ነዳያንን ሰብስቦ ያበላል። በጾም ጊዜ ከአፍ የተከለከለው እህል ለድኻ እንዲሰጥ መምህራን ያስተምራሉ። ዘመድ የታሰረበት ቤተ ሰብም ስንቅ ቋጥሮ ወደ እስር ቤት ይሄዳል። እነዚህ ልማዶች መልካም ናቸው። ነገር ግን ልማድ ብቻ ሆነው እንዳይቀሩ፣ ለምን እንደሚደረጉ ማወቅ ይገባናል።

4. ከአዲስ አበባ የሚወጡ ሦስት መንገዶች

የኤማሁስ ታሪክ በመንገድ ላይ የሆነ ስለ ሆነ፣ እኛም ከአዲስ አበባ የሚወጡ ሦስት መንገዶችን በአሳባችን እንሂድ። አንዱ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ጅማ የሚወስደው ነው፤ ሰበታ በእርሱ ላይ ትገኛለች። ሁለተኛው ወደ ምዕራብ፣ ወደ አምቦ የሚወስደው ነው፤ ቡራዩ በእርሱ ላይ ትገኛለች። ሦስተኛው እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሰሜን፣ ወደ ፍቼና ወደ ጎጃም የሚወስደው ነው፤ ሱሉልታ በእርሱ ላይ ትገኛለች። እነዚህ ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች የአዲስ አበባ ጎረቤት ከተሞች ጋር አንድ ሆነው ሸገር ከተማ ተብለዋል። በእነዚህም መንገዶች ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ወታደር፣ ተማሪ፣ በሽተኛና ስደተኛ በየቀኑ ያልፋሉ።

5. በሰበታ መንገድ፤ ሰውን በስሙ መጥራት

ወደ ሰበታ ከመድረሳችን በፊት፣ በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ በኩል፣ ዘነበወርቅ የሚባል ሰፈር አለ። በዚያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ቤት ተሠራ። የሠራውም ቶማስ ላምቢ የተባለ አሜሪካዊ የሚሲዮን ሐኪም ነበር። ስሙም ለልዕልት ዘነበወርቅ መታሰቢያ ሆነ። በዚያው ስፍራ በ1965 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር አለርት የተባለው ሆስፒታል ተቋቋመ፤ ከአፍሪካ አገሮች የመጡ ሐኪሞችም ሥጋ ደዌን ማከም ተማሩበት።

በቀድሞ ዘመን ሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ከመንደር ይወጣ ነበር። ሰው ሁሉ ይሸሸው ነበር፤ እናቱ ያወጣችለት ስምም ቀርቶ በበሽታው ስም ይጠራ ነበር። ብዙዎችም በሽታው ርግማን ነው፣ ወይም በዘር ይወርዳል ይሉ ነበር። ይህ ግን ስሕተት ነው። ሥጋ ደዌ በዓይን ከማይታይ ተሐዋሲ የሚመጣ በሽታ ነው፤ ይህንም ሐንሰን የተባለ የኖርዌይ ሐኪም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1873 ዓ.ም. አገኘው። ከ1981 ዓ.ም. ወዲህም፣ በዚያው አቆጣጠር፣ ልዩ ልዩ መድኃኒቶችን አጣምሮ በመስጠት ይታከማል። በሽተኛው ስድስት ወር ወይም ዓመት ያህል መድኃኒቱን በደንብ ቢወስድ ይድናል፤ መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላም በሽታውን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ነገር ግን ሐኪም ሥጋውን ቢያድነው፣ ጎረቤቱ አሁንም ቢሸሸው፣ ድኅነቱ ሙሉ አይሆንም። የቀረውን መድኃኒት የሚሰጡት ጎረቤቶቹ ናቸው።

መንገዱን ተከትለን ሰበታ ስንደርስ መርሐ ዕውራን የተባለውን ትምህርት ቤት እናገኛለን። የስሙ ትርጓሜ የዕውራን መሪ ማለት ነው። በዚያ ዓይነ ስውራን ልጆች አድረው ይማራሉ። የሚያነቡትም በጣታቸው ነው። ይህን ጽሕፈት ያወጣው ሉዊ ብሬል የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ እርሱም በልጅነቱ በአባቱ የሥራ ቤት ሲጫወት ዓይኑን ተወግቶ የታወረ ነበር። ፊደሉ ሁሉ ከስድስት ነጠብጣብ ይሠራል፤ ነጠብጣቦቹ ከወረቀቱ ከፍ ከፍ ያሉ ስለ ሆኑ ጣት ያገኛቸዋል። የአማርኛ ፊደልም በዚሁ መንገድ ይጻፋል።

በቀድሞ ዘመን ብዙ ሰው ለዓይነ ስውር የሚያስብለት እጣ ልመና ብቻ ነበር። እርግጥ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቃሉን በቃላቸው ይዘው ሊቃውንት የሆኑ ዓይነ ስውራን ነበሩ፤ ሌሎቹ ግን በየደጀ ሰላሙ ቁጭ ብለው ይውሉ ነበር። አላፊ አግዳሚውም ሳንቲም ጥሎላቸው ያልፋል፤ ስማቸውን የሚጠይቅ ግን አይገኝም። ሳንቲም መስጠት መልካም ነው። ነገር ግን ልጁ ፊደል ቢማር፣ ነገ ራሱ አስተማሪ ወይም ጠበቃ ሆኖ ለሌላው ይተርፋል።

ለዚህም ምስክር አለ። የትነበርሽ ንጉሤ በአማራ ሳይንት ተወልዳ በልጅነቷ በሕመም ምክንያት ዓይኗን አጣች። በሻሸመኔ በሚገኝ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረች፤ ኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታ ጠበቃ ሆነች። ስለ አካል ጉዳተኞች መብት በመሥራቷም በፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ትልቅ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች።

ጌታ መግደላዊት ማርያምን በስሟ በጠራት ጊዜ እንባዋ ወደ ደስታ ተለወጠ። እንግዲህ እናንተም ዓይነ ስውሩን ወይም በሽተኛውን በጉዳቱ ስም አትጥሩት። ስሙን ጠይቁት፤ በስሙም ጥሩት። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ምጽዋት ነው።

6. በቡራዩ መንገድ፤ እንግዳን መቀበል

ወደ ቡራዩ ስንሄድ የገፈርሳን ውሃ እናያለን። ይህ ውሃ ተገድቦ ለአዲስ አበባ ሕዝብ መጠጥ ይሆናል። በከተማ ተቀምጦ ከቧንቧ የሚጠጣ ሰው ውሃው ከጎረቤቱ ምድር እንደ መጣ ብዙ ጊዜ አያስብም። ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ሳያውቀው በሌላው ሰው ይኖራል።

በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው የሚያሳዝን ሁከት ተነሣ። ሰዎች ሞቱ፤ ቤታቸው የተዘረፈባቸው ብዙዎች ነበሩ፤ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችም ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ሸሹ። ከተጎዱትም ብዙዎቹ ከደቡብ፣ ከጋሞ አገር የመጡ ነበሩ። የጋሞ ሰዎች በሽመና ሥራ የታወቁ ናቸው፤ በፋሲካ ሌሊት የምንለብሰውን ነጭ ሸማ ከሚሠሩት እጆች ብዙዎቹ የእነርሱ ናቸው። እንግዲህ ሌላውን ያለበሱ ሰዎች ራሳቸው ልብስ አጡ።

ስደተኞቹ በአዲስ አበባ በየትምህርት ቤቱ ግቢ ተጠለሉ። ያን ጊዜ የከተማው ሰው ዝም አላለም። አንዱ እንጀራ፣ አንዱ ብርድ ልብስ፣ አንዱ የልጅ ልብስ እየያዘ መጣ። ሰጪው የተቀባዩን ስም አያውቅም፤ ተቀባዩም የሰጪውን ስም አያውቅም። በማቴዎስ ወንጌል ከተቈጠሩት ስድስት ነገሮች ራብ፣ ጥም፣ እንግድነትና መራቆት በአንድ ግቢ ተሰብስበው ነበር፤ መልሱም በብዙ ሰዎች እጅ መጣ።

በዚያው ሰሞን በጋሞ ከተማ በአርባ ምንጭ ወጣቶች በወገኖቻቸው ላይ ስለ ደረሰው ክፉ ነገር ተቈጥተው ተሰበሰቡ። በቀል ሊያደርጉ ባሰቡ ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ወጡ፤ በመንገዱም ላይ በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። በባህላቸው እርጥብ ሣር የሰላም ልመና ነው። ወጣቶቹም የአባቶቻቸውን ጉልበት በምድር ላይ ባዩ ጊዜ ወደ ኋላ ተመለሱ። ስለዚህ ምንም በደል ያልነበረባቸው ሰዎች በሰላም አደሩ።

ልጆች ሆይ! ይህን ነገር አስቡት። ሽማግሌ በልጅ ፊት መንበርከክ በሀገራችን ቀላል ነገር አይደለም። ጌታም በመጨረሻይቱ ሌሊት በደቀ መዛሙርቱ ፊት ዝቅ ብሎ እግራቸውን አጥቧል። የተቸገረን ሰው ማብላት መልካም ነው፤ ሰው እንዳይቸገር፣ ደምም እንዳይፈስ አስቀድሞ መከልከል ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ነው። በትምህርት ቤት ሁለት ልጆች ሲጣሉ «በለው!» የሚል ብዙ ነው። በመካከላቸው ገብቶ የሚያስታርቀው አንድ ልጅ ግን የእነዚያን ሽማግሌዎች ሥራ ይሠራል።

7. በሱሉልታ መንገድ፤ ሸክምን መካፈል

ወደ ሱሉልታ ለመሄድ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለውን የእንጦጦን ተራራ መሻገር ያስፈልጋል። ተራራው ባሕር ዛፍ የበዛበት ነው። ባሕር ዛፍ ወደ አዲስ አበባ የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ በከተማው ዙሪያ የማገዶ እንጨት አልቆ ነበርና። ከዚያ ወዲህ እስከ እኛ ዘመን ድረስ ብዙ ድኾች ሴቶች ቅጠልና ጭራሮ እየለቀሙ፣ ትልቅ ሸክም በጀርባቸው አዝለው፣ ጎንበስ ብለው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። ሸክማቸው 30 ኪሎና ከዚያም በላይ ይሆናል። ከመካከላቸው ገና ልጆች የሆኑ አሉ። በዚህ እንጨት የሰው ቤት እንጀራ ይጋገራል፤ እነርሱ ግን የሚያገኙት ዋጋ ጥቂት ነው።

ጌታ መስቀሉን ተሸክሞ ወደ ቀራንዮ ሲሄድ በደከመ ጊዜ፣ ስምዖን የተባለ የቀሬና ሰው ከእርሻ ሲመለስ ያዙትና መስቀሉን አሸከሙት። ስምዖን ይህን ሊያደርግ ብሎ ከቤቱ አልወጣም ነበር። ሸክሙ በመንገዱ ላይ ጠበቀው። ለእኛም የሚጠብቀን ሥራ ብዙ ጊዜ ሳናስበው በመንገዳችን ላይ የምናገኘው ነው።

ለዚህ ነገር ወይዘሮ አበበች ጎበና ምስክር ናቸው። እርሳቸው በ1928 ዓ.ም.፣ ኢጣሊያ ሀገራችንን በወረረችበት ዘመን፣ በፍቼ አቅራቢያ ተወለዱ። አባታቸው በጦርነቱ ስለ ሞቱ ያለ አባት አደጉ። በ10 ዓመታቸው ያለ ፈቃዳቸው ቢዳሩ ወደ አዲስ አበባ ሸሽተው መጡ፤ ኋላም ተምረው ሥራ ያዙ።

በ1972 ዓ.ም. ገደማ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ወደ ወሎ ሄዱ። በዚያ ዘመን በወሎ ጽኑ ራብ ነበር። ይዘውት የነበረውን ጥቂት ዳቦና ጠበል ለራብተኞቹ አካፈሉ። በዚያም መካከል እናቱ የሞተችበትን ሕፃን ከሬሳዋ አጠገብ አገኙ። የሄዱት ለጸሎት ነበር፤ ሕፃኑን ግን ጥለው ማለፍ አልቻሉም፤ አቅፈው ወደ ቤታቸው አመጡት። አንድ ዓመት ሳይሞላ 21 ልጆች በእጃቸው ተሰበሰቡ። በዚህ ምክንያት ከቤታቸውና ከዘመዶቻቸው ተቃውሞ ስለ ገጠማቸው፣ የሞቀ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር በጎጆ ተቀመጡ፤ ምግብ እያዘጋጁ በመሸጥም አሳደጓቸው። ያ ጅማሬ ኋላ ትልቅ የበጎ አድራጎት ማኅበር ሆኖ እጅግ ብዙ ልጆችን ረዳ። ወይዘሮ አበበች በ85 ዓመታቸው ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ዐረፉ።

እርሳቸው የተራራውን በረከት ሽተው ሲሄዱ በረከቱ በመንገድ ላይ በሕፃን መልክ አገኛቸው። ያን ሕፃን ጥለው ግሸንን ተሳልመው ቢመለሱ ኖሮ፣ ከሰው ወገን ማንም ባልወቀሳቸውም ነበር። እርሳቸው ግን ቅዱሱ ስፍራ ወዴት እንደ ሆነ በልባቸው ተረዱ።

8. ልጅ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ከእናንተ አንዱ «እኔ ልጅ ነኝ፤ ገንዘብም ቤትም የለኝም» ይል ይሆናል። በባሕር ዳር አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ የነበረውም ልጅ ነበር። ስለዚህ የሚቻላችሁን አምስት ነገር ልጻፍላችሁ።

አንደኛ፣ ተመልከቱ። በክፍላችሁ ቁርስ ሳይበላ የሚመጣ፣ ደብተር የሌለው፣ ለብቻው የሚቀመጥ ልጅ አለን? የተራበ ልጅ ትምህርት አይገባውም፤ ከምሳችሁ አካፍሉት።

ሁለተኛ፣ በስም ጥሩ። ሠራተኛይቱን «አንቺ»፣ ዘበኛውን «አንተ» ብሎ መጥራት ይበቃል አትበሉ። እነርሱም እናት ያወጣችላቸው ስም አላቸው።

ሦስተኛ፣ የሚያስፈልገውን ስጡ እንጂ የተረፋችሁን ብቻ አትጣሉ። የተቀደደ ልብስ ለድኻ ከመስጠት አስቀድሞ መስፋት ይገባል።

አራተኛ፣ ስትሰጡ አትጩኹ። ሰው እንዲያይለት የሚሰጥ ዋጋውን ከሰው ተቀብሏል። ድኻውንም በብዙ ሰው ፊት አታሳፍሩት።

አምስተኛ፣ ከቤታችሁ ጀምሩ። ውሃ የሚጠማት አያታችሁ፣ የታመመ ወንድማችሁ፣ ከሥራ ደክማ የመጣች እናታችሁ ከሁሉ የቀረቡ ናቸው። ከቤት ውጭ ለማያውቁት ሰው ሲረዱም ከወላጅ ወይም ከመምህር ጋር ተማክሮ ማድረግ ለልጅ ይገባዋል።

እነዚህን የሚያደርግ ልጅ ጌታን በዓይኑ አያይ ይሆናል። በኤማሁስ መንገድ የነበሩትም ብዙ ሰዓት አብረውት ሲሄዱ አላወቁትም ነበር፤ ነገር ግን ልባቸው ይቃጠልባቸው እንደ ነበር ኋላ ትዝ አላቸው። የሰውን መድኃኒት ሰው ነው ይባላል። የተቸገረውን የረዳ ሰውም በልቡ ደስታ ያገኛል፤ ያ ደስታ ከወዴት እንደ መጣ ግን ወዲያው ላያውቅ ይችላል።

እንግዲህ ነገ ጧት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄዱ መንገዳችሁን አስተውሉ። ሸክም የከበደበት፣ መንገድ የጠፋበት፣ የተራበ ወይም የተገፋ ሰው ብታገኙ፣ «ይህ ማን ነው?» ብላችሁ አስቀድማችሁ አትመራመሩ። አስቀድማችሁ እጃችሁን ዘርጉ።

ጥያቄ

1. ጌታ ከተነሣ በኋላ ለማን ለማን ተገለጠ? በምንስ አወቁት?
2. በቀኝና በግራ ያሉት ሰዎች የጠየቁት አንድ ጥያቄ ምንድር ነው? ልዩነታቸውስ በምን ነው?
3. ሥጋ ደዌ ከምን ይመጣል? ይድናልን?
4. የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው የተንበረከኩት ለምንድር ነው?
5. በዚህ ሳምንት ስሙን የማታውቁትን የአንድ ጎረቤት ወይም ሠራተኛ ስም ጠይቁ፤ ለእርሱም ምን ልታደርጉለት እንደምትችሉ ከወላጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩ።